የትርፍ ድርሻ በልቶ ስለ ማደር

«አክሲዮን» የሚለው ቃል ከአውሮጳ ቋንቋ ወደ አማርኛ የገባ ነው። «የትርፍ ድርሻ» የሚለው ግን ከራሳችን ግሶች የተሠራ ነው፤ «ትርፍ» ተረፈ ከሚለው፣ «ድርሻ» ደግሞ ደረሰ ከሚለው ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለባለ አክሲዮኖቹ የሚያድለው ገንዘብ፣ ደመወዙና ኪራዩ፣ ወለዱና ግብሩ ተከፍሎ ከተረፈው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው ማለት ነው። አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን የቃል አመጣጥ ልብ ቢሉት ከሰዋስው ያለፈ ጥቅም ያገኙበታል። ያልተረፈ ነገር ሊደርስ አይችልምና፣ ደረሰ ተብሎ የታደለው ገንዘብ በእውነት የተረፈ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህም ጥያቄ የነጋዴዎች ብቻ አይደለም። በጡረታ የተሰናበተ ሹም፣ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት፣ ጥሪታቸውን በአክሲዮን ላይ አውለው ከትርፍ ድርሻው ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያወጡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ለነዚህ ሰዎች የትርፍ ድርሻው ቀረ ማለት የገበያ ወሬ ሳይሆን የጓዳ ወሬ ነው። በዛሬው ጽሑፋችንም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ኩባንያዎች ላይ የሚያከፋፍለው፣ ፈንድ የሚባለው የጋራ ድርጅት፣ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ከምን እንደሚያድን፣ ከምንስ እንደማያድን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጥሪትን በአንድ ቤት ብቻ ማከማቸት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ስኮትላንድ እንሂድ። በግላስጎ ከተማ በ1839 የተቋቋመ «ሲቲ ኦፍ ግላስጎ ባንክ» የሚባል ባንክ ነበር። በ1878 ቅርንጫፎቹ 133 ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሬክተሮቹ የባንኩ ሥራ የተቃና መሆኑን አስታውቀው 12 ከመቶ የትርፍ ድርሻ እንዲታደል አደረጉ። ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1878፣ ባንኩ በሩን ዘጋ። ሒሳቡ ሲመረመር ባንኩ ለጥቂት የንግድ ቤቶች ያበደረው እጅግ ብዙ ገንዘብ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ፤ ዲሬክተሮቹም ይህን ለመሸፈን መዝገቡን አሳስተው ይጽፉ ነበር። የአክሲዮኑ ዋጋ እንዳይወርድ በባንኩ ገንዘብ የዚያኑ ባንክ አክሲዮን መግዛታቸውም ታወቀ። ትርፍ ተብሎ የታደለው ገንዘብ እንግዲህ የተረፈ አልነበረም።

የከፋው ገና ነበር። የዚያ ባንክ ባለ አክሲዮኖች ኃላፊነት በሕግ የተወሰነ ስላልነበረ፣ ዕዳው ከንብረቱ ሲበልጥ ልዩነቱን ከየኪሳቸው መክፈል ግዴታቸው ሆነ። የ100 ፓውንድ አክሲዮን የነበረው ሰው በመጀመሪያ 500 ፓውንድ፣ ቀጥሎም 2,250 ፓውንድ እንዲከፍል ታዘዘ። ከ1,819 ባለ አክሲዮኖች መካከል ሳይከስሩ የተረፉት 254 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ከባለ አክሲዮኖቹም ውስጥ መበለቶችና ያላገቡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ዲሬክተሮቹ በ1879 መጀመሪያ በኤዲንብራ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ይህ ግን ለመበለቶቹ እንጀራ አልሆነም።

ዛሬ በአብዛኛው አገር የባለ አክሲዮን ኃላፊነት ያዋጣው ገንዘብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ኩባንያው ቢወድቅ ቤትና ዕቃ ድረስ የሚመጣ የለም። ያዋጣው ገንዘብ ግን ሊጠፋ ይችላል። የግላስጎዎቹ ሰዎች ስሕተት ስንፍና አልነበረም፤ በከተማቸው የታወቀ፣ ለዓመታት የትርፍ ድርሻ ሲያድል የኖረ ባንክ መርጠዋል። ከዚያ አልፈው የባንኩን የውስጥ መዝገብ ለማንበብ የሚችሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ዛሬም ቢሆን ከውጭ ያለ ሰው የኩባንያን የውስጥ ምሥጢር የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒት የሆነው አሳብ ከግላስጎው ጥፋት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የታሰበ ነው። በ1774 በአምስተርዳም ከተማ አብርሃም ቫን ኬትዊክ የሚባል ነጋዴ ሰዎች 500 ጊልደር እያዋጡ የሚገቡበትን ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ስም በሆላንድ ቋንቋ «ኅብረት ኃይልን ያስገኛል» ማለት ሲሆን፣ እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ገንዘቡም በልዩ ልዩ የአውሮጳ መንግሥታት ብድርና በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ባሉ እርሻዎች ብድር ላይ ተከፋፈለ። (እነዚያ እርሻዎች በባሪያ ጉልበት የሚሠሩ እንደ ነበሩ ሳንጠቅስ ለማለፍ አንፈልግም።) የማኅበሩ ሰነዶች ሦስት ልዩ ልዩ ቁልፎች ባሉት የብረት ሣጥን እንዲቀመጡ፣ ቁልፎቹም በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆኑ ተደነገገ። ስለ ፈንድ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ገንዘቡ መከፋፈሉን ነው፤ እኛን ግን የበለጠ ደስ የሚያሰኘን ቁልፉ መከፋፈሉ ነው። የግላስጎው ሣጥን ቁልፍ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበርና።

የአምስተርዳሙ ማኅበር ራሱ ብዙ አልቀናውም። ከ1780 እስከ 1784 ሆላንድና እንግሊዝ በተዋጉ ጊዜ የቅኝ ግዛቶቹ ንግድ ስለ ተጎዳ ክፍያው ተጓደለ። አሳቡን ያጸናው ሎንዶን ነው። በ1868 ፊሊፕ ሮዝ የሚባል የሕግ ሰው «ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል» የተባለውን ድርጅት አስጀመረ፤ የእንግሊዝ ዋና የፍትሕ ሹም የነበሩት ሎርድ ዌስትበሪም ሊቀ መንበር ሆኑ። ዓላማው መካከለኛ ሀብት ያለው ሰው ባለጸጋ ብቻ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ጥቅም፣ ማለት ገንዘቡን በብዙ ቦታ አከፋፍሎ አደጋውን የመቀነስን ጥቅም፣ እንዲያገኝ ነበር። የ100 ፓውንዱ ሰነድ በ85 ፓውንድ ተሸጠ፤ ወለዱም 6 ከመቶ ሆነ። የተሰበሰበው ገንዘብ በ18 ዓይነት የውጭና የቅኝ ግዛት መንግሥታት ቦንዶች ላይ ዋለ።

መንግሥት የተበደረውን ይከፍላል ብሎ ማመን ደግሞ ሁልጊዜ አይሠራም። ቱርክ በ1875፣ ፔሩና ግብፅ በ1876 ዕዳቸውን መክፈል አቋረጡ። ሀብቱን ሁሉ በቱርክ ቦንድ ላይ ያዋለ የሎንዶን ሰው በዚያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም። የሎንዶኑ ድርጅት ግን ከልዩ ልዩ መንግሥታት የሚደርሰው ስለ ነበር፣ ለሰነድ ባለቤቶቹ መክፈሉን ቀጠለ። በ1873 ሮበርት ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ወጣት በደንዲ ከተማ ተመሳሳይ ማኅበር አቋቁሞ የከተማውን ሰዎች ገንዘብ በብዙ የአሜሪካ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ብድር ላይ አከፋፈለ። ደንዲ ከግላስጎ ሩቅ አይደለችም፤ ግላስጎ ስትከስር ይህ ሌላው መንገድ በዚያው በስኮትላንድ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ብድር ነው። የሎንዶኑ ድርጅት ወደ አክሲዮን ፊቱን ያዞረው በ1925 ነው፤ በዚያም የነገሩ ጠባይ ተለወጠ። አበዳሪ የተወሰነ ወለድ በተወሰነ ቀን ይጠብቃል። ባለ አክሲዮን ግን የኩባንያው ባለቤት ስለ ሆነ ቃል የተገባለት ነገር የለም፤ ሲተርፍ ይደርሰዋል፣ ሳይተርፍ አይደርሰውም፣ ኩባንያው ሲያድግ ግን ድርሻውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ማከፋፈል ለአበዳሪ ጠቃሚ ከሆነ ለባለ አክሲዮን የበለጠ ያስፈልገዋል።

የትርፍ ድርሻው ከኩባንያው ተነሥቶ እስከ ቤተ ሰብ ድረስ የሚያደርገው ጉዞ እንዲህ ነው። በስዊስ አገር የሚገኘው ኔስሌ የሚያድለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፀደይ ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች በየሦስት ወሩ፣ የእንግሊዝና የጃፓን ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ያድላሉ። ፈንዱ ይህን ሁሉ በፍራንክ፣ በዶላር፣ በፓውንድና በየን ተቀብሎ በአንድ ገንዘብ መንዝሮ፣ የራሱን የሥራ ዋጋ ቀንሶ፣ ለአባሎቹ ያከፋፍላል። በመንገድ ላይ ቀረጥ ይጠብቀዋል፤ ስዊስ 35 ከመቶ፣ አሜሪካም በመንግሥታት መካከል ስምምነት ከሌለ 30 ከመቶ አስቀድመው ይይዛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው በጋዜጣ ላይ ያነበበው ቁጥርና በእጁ የገባው ገንዘብ ለምን እንደማይገጥሙለት ሲደነቅ ይኖራል።

የእኛ ገበሬ ይህን አሠራር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። በደጋ ገብስ፣ በወይና ደጋ ጤፍ፣ በቆላ ማሽላ የሚዘራ ሰው መከሩ በአንድ ቀን አይደርስለትም፤ ነገር ግን ውርጭ ደጋውን ቢመታው ቆላው ይተርፍለታል፣ ዝናብ ቆላውን ቢከዳው ደጋው አለ። በአንዱ ማሳ ላይ ብቻ ከተመካ ጎረቤቱ ይልቅ በጥሩ ዓመት ያፈራው ሊያንስ ይችላል፤ በክፉው ዓመት ግን ጎተራው ባዶ አይሆንም። ፈንድም እንዲሁ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ያተረፈውን አንድ ኩባንያ ብቻ የያዘውን ሰው በፍጹም አይቀድምም።

የ2020 ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳየ። በማርች መጨረሻ የእንግሊዝ የባንክ ተቆጣጣሪዎች ትልልቆቹ ባንኮች የትርፍ ድርሻ ማደል እንዲያቆሙ ጠየቁ፤ ባንኮቹም አቆሙ። ከነዚህ አንዱ ኤችኤስቢሲ ነው፤ በሆንግ ኮንግ የትርፍ ድርሻውን እንደ ጡረታ ደመወዝ ሲቀበሉ የኖሩ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለ ነበሩ ቁጣው ታላቅ ሆነ። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ የነዳጅ ኩባንያው ሼል የትርፍ ድርሻውን በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ባንክና ነዳጅ የማይወድቁ የሚመስሉ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩ፤ በአንድ የፀደይ ወቅት ሁለቱም ተነቃነቁ።

በ1868 የተጀመረው የሎንዶን ድርጅት ግን በዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻውን ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። ይህ የሆነው ገንዘቡ በብዙ አገሮችና በመቶዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች ላይ ስለ ተከፋፈለ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች በየዓመቱ ከሚያገኙት ገቢ እስከ 15 ከመቶ ድረስ እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። በደኅናው ዓመት የተቀመጠው መጠባበቂያ በክፉው ዓመት ወጣ፤ ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንዳደረገው ማለት ነው። ድርጅቱ የትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ ከፍ ማድረግ ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በፔንስ መጨመርና በዳቦ መጨመር አንድ አይደሉም። በ1975 በእንግሊዝ የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ24 ከመቶ በላይ ወጥቶ ነበርና፣ በዚያን ጊዜ 5 ከመቶ የተጨመረለት ሰው በእውነቱ ተቀንሶበታል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር እናንሣ። የትርፍ ድርሻ ከሰማይ የወረደ ተጨማሪ ገንዘብ የሚመስላቸው አሉ። አንድ አክሲዮን 100 ብር ሲያወጣ ቆይቶ 4 ብር ቢያድል፣ ገንዘቡ ከኩባንያው ካዝና ወጥቷልና የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው ቀን ወደ 96 ብር ይጠጋል። ባለቤቱ 96 ብር የሚያወጣ አክሲዮንና 4 ብር በእጁ አለው፤ ድምሩ ያው 100 ነው። ሀብቱን የሚያሳድገው ኩባንያው ዳግመኛ ሠርቶ ማትረፉ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፈንዶች የትርፍ ድርሻውን ለአባሎቻቸው ሳያድሉ መልሰው አክሲዮን ይገዙበታል፤ ገና ደመወዙን የሚበላና ለሽምግልናው የሚያጠራቅም ሰው ይህኛውን ቢመርጥ ጥጃዋ አድጋ እንደገና ትወልድለታለች። ከቁጠባው የሚኖር ሽማግሌ ግን ወተቱን ይፈልጋል።

ሌላው ማሳሳቻ የትርፍ ድርሻውን ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር አነጻጽሮ ብዙ የሚሰጠውን መምረጥ ነው። 100 ብር የነበረ አክሲዮን 4 ብር ያድል ነበር እንበል። ኩባንያው ታሞ የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 40 ብር ቢወርድ፣ ያለፈው ዓመት 4 ብር ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር 10 ከመቶ ይሆናል። ይህ 10 ከመቶ በመዝገብ ላይ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ኩባንያው ጤንነት ሳይሆን ስለ በሽታው ነው። የሚመጣው ዓመት ድርሻ ላይኖር ይችላል። የግላስጎው 12 ከመቶም ጥቂት ወራት ብቻ ነበር የቀሩት።

ማከፋፈል የማያድንበት ጊዜም አለ። ኖርዌይ ከነዳጅ ያገኘችውን ሀብት ለመጪው ትውልድ ለማስቀመጥ በ1990 በሕግ ፈንድ አቋቁማ፣ በ1996 የመጀመሪያውን ገንዘብ አስገባች። ዛሬ ይህ ፈንድ በሺህ በሚቆጠሩ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ ያዋለ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በገበያ ከሚሸጡት አክሲዮኖች ከመቶ አንድ ተኩል ያህሉ የርሱ ነው። ከዚህ የበለጠ የተከፋፈለ ጥሪት ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በ2008 የገንዘብ ችግር ዓለምን ሲያናውጥ ፈንዱ ካዋለው ገንዘብ 23.3 ከመቶ ከሰረ፤ በአክሲዮን ላይ የዋለው ክፍል ብቻውን ሲታይ ደግሞ 40.7 ከመቶ ወረደ። ድርቁ ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ላይ መታው ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፈንዱ 25.6 ከመቶ አገኘ፤ ይህን ለማየት የቻለው ግን ስላልሸጠ ነው። በ2008 መጨረሻ ለልጁ ሠርግ ወይም ለሕክምና ገንዘብ አስፈልጎት ሊሸጥ የተገደደ ሰው 2009ን አልጠበቀም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ በአክሲዮን ላይ፣ የፈለገውን ያህል ቢከፋፈልም፣ መዋል የለበትም የምንለው ስለዚህ ነው።

«የዓለም» የሚለው ስምም አንዳንድ ጊዜ ያታልላል። በ1989 መጨረሻ ከዓለም አክሲዮን ጠቅላላ ዋጋ ከ40 ከመቶ በላይ የሆነው የጃፓን ነበር። የቶኪዮ ገበያ ኒኬይ የሚባለው መለኪያ በዚያ ዓመት መጨረሻ ከደረሰበት ከፍታ ወድቆ እንደገና ያን ከፍታ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ። በ2024 ደግሞ በዓለም መለኪያዎች ውስጥ የአሜሪካ ድርሻ ከ60 ከመቶ በላይ ነበር። አሜሪካ እንደ ጃፓን ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ የዓለም ፈንድ የገዛ ሰው ግን ከግማሽ በላይ ገንዘቡ በአንድ አገር እንዳለ አውቆ ይግዛ።

በአገራችንም ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ አክሲዮን መገበያየት ተጀምሮ ነበር፤ በ1975 ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ ቆመ። በዚያን ጊዜ የአምስት ኩባንያዎች አክሲዮን የነበረው ሰው ያከፋፈለ መስሎት ነበር፤ አምስቱም ግን በአንድ አገር ሕግ ሥር ነበሩ። ከ1994 ወዲህ የግል ባንኮች ሲቋቋሙ ብዙ ቤተ ሰቦች አክሲዮን ገዙ፤ በጃንዩዋሪ 2025ም የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ስላለ የዓለም ፈንድ እንደ ልቡ ሊገዛ አይችልም። በዋሽንግተን የሚሠራው ወንድሙ ግን መሥሪያ ቤቱ በሚያስቀምጥለት የጡረታ ገንዘብ አማካይነት፣ ምናልባት ሳያውቀው፣ የኔስሌም የቶዮታም ባለ አክሲዮን ሆኖ ይሆናል።

በመጨረሻ ወደ ጓዳ ሒሳብ እንመለስ። በ2024 በመላው ዓለም ላይ የተከፋፈለ የአክሲዮን ፈንድ ከዋጋው የሚያድለው የትርፍ ድርሻ ከ2 ከመቶ በታች ነበር። አንድ ሚሊዮን ያላት እናት ከርሱ በዓመት ከሃያ ሺህ ያነሰ ታገኛለች። አርባ ሺህ ካስፈለጋት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ብዙ ድርሻ የሚያድሉ ጥቂት ኩባንያዎችን መርጣ ወደ ግላስጎ መንገድ መጠጋት ነው። ሁለተኛው የተከፋፈለውን ጥሪት እንደያዘች በየዓመቱ ከአክሲዮኑ ጥቂት እየሸጠች የጎደለውን መሙላት ነው። የኖርዌይ መንግሥት የመረጠው ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ፣ ከፈንዱ ዋጋ በዓመት በአማካይ 3 ከመቶ ያህል እንዲወጣ ደንብ አበጅቷል። ደንቡ በ2001 ሲወጣ 4 ከመቶ ነበር፤ በ2017 ዝቅ አደረጉት።